ሰባት ሲም በአንድ ስም

ሰው ለጎረቤቱ ብዙ ነገር ያውሳል፤ ወንፊት ያውሳል፣ መሰላል ያውሳል፣ የባሰበትማ ሚዜ ለሚሆን ወዳጁ ኮቱን ያውሳል። ስሙን የሚያውስ ግን ጭሮ ላይ ብቻ ሳይኖር አይቀርም።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ጭሮ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያኔ ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ግድ ነበር፤ ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ደግሞ መታወቂያ አልነበራቸውም፤ ቀበሌ ሲሄዱ «ነገ ና» የሚባል በሽታ አለ። የእኔ የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያ ግን ማኅተሙ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አንዱ ሲመጣ አወጣሁለት፣ ሌላዋ ስትመጣ አወጣሁላት። እምቢ ብል ምን ልባል ነው? የሰፈሩ ሰው የሚያውቀኝ «መምህር ሰው ነው» በሚል ማዕረግ ነው፤ ይህን ማዕረግ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ብዬ ማጣት አልፈለግሁም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በወረቀት ላይ ሰባት ሰው ሆንኩ። ሂርና ላይ ጫት እነግዳለሁ፣ ቦርደዴ ላይ ፍየል እሸጣለሁ፣ ከቦኬ ወዲያ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ነኝ።

አዋላጇ የጎረቤቴ የአዴ ሞሚና ልጅ ኢክራም ናት። ሲሙን ያወጣሁላት ቀን እናቷ «ገለቶሚ መምህር፣ ወላሂ ስምህ በረካ ነው!» ብለው መርቀውኝ ነበር።

በቅርቡ ኢክራም ለእረፍት መጥታ ስልኳን አቀበለችኝ። አምቡላንሱ ሰው ስብሰባ ሊያደርስ ሄዶ፣ አንዲት ወላድ ደም ፈሷት ኢክራም እጅ ላይ ሞታለች። ይህን ስልኳ ላይ ጽፋ በብዕር ስም ፌስቡክ ላይ ልትለጥፈው ነው። «አማርኛዬን አስተካክልልኝ» አለችኝ። አነበብኩት፤ አለቀስኩም። የትግል ተሳትፎዬ ግን ሦስት ነጠላ ሰረዝ መጨመር ነበር። «ለጥፊው፣ እኔ አለሁ!» ያልኳትም እኔው ነኝ። ጽሑፉን ሰው ተቀባበለው፤ ሻይ ቤቱ ሁሉ «ማን ነው የጻፈው?» ይል ጀመር፤ እኔም እንደ ማንም «ማን ይሆን?» እያልኩ ሻዬን እጠጣ ነበር።

በዚህ መሀል የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ከመሀል አገር የመጣ አንድ ሰው አዲስ የቀረበ ሐሳብ አስረዳን፦ ፌስቡክም ቴሌግራምም የሚከፈተው በመታወቂያ ቁጥር ይሆናል፤ የብዕር ስም የሚባል ነገር ይቀራል፤ ማን ምን እንደጻፈ ከነስልኩ ይታወቃል። ገና ረቂቅ ነው፣ አስተያየት ስጡበት አለ። ከኋላ አንዱ የግል ምስጢራችንስ ብሎ ቢጠይቀው፣ «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ሲል መለሰለት። እንግዲህ ንጹሕ ሰውን የሚያስፈራው ይኸው ጥያቄ ነው። ሕጉ እንኳ ገና አልጸደቀም፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ዳገቱ ላይ ወዳለው የመንግሥት ቢሮ መታወቂያህን ይዘህ ብቅ በል፣ በስምህ ስላለ ቁጥር እንነጋገራለን ተባልኩ። የቱ ቁጥር? አልተነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈሪ መልስ ያዘጋጃል እንጂ ጥያቄ አይጠይቅም። ዳገቱን ስወጣ መልሴን አዘጋጀሁ። ፈሪ ለእናቱ ይገባል እንዲሉ፣ በሐሳቤ የመጣችው ጎጃም ያለችው የራሴ እናት ነበረች። አዴ ሞሚናም እናት መሆናቸው ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል፤ አልፌው ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ አንድ ትሑት ሰው ተቀበለኝ። ተቀመጥ አለኝ፤ ውሃ ላምጣልህ ወይ አለኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ለእኔ ብቅል አላስፈለገም፣ የፕላስቲክ ወንበር በቃኝ። ሰውየው ገና ፋይሉን ሳይከፍት «የጻፍኩት እኔ አይደለሁም!» አልኩት። ሲሙ በስሜ ይሁን እንጂ ስልኩ የኢክራም እንደሆነ፣ ስለ አምቡላንሱም የጻፈችው እሷው እንደሆነች፣ እኔ በጉርብትና ብቻ መታወቂያዬን እንደሰጠሁ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ሦስቱን ነጠላ ሰረዝ ብቻ አላነሳሁም።

ሰውየው አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ከዚያ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። የተጠራሁት በአንድ መታወቂያ የወጣው ሲም ስለበዛ፣ የማልፈልጋቸውን መርጬ እንዳዘጋ ነበር። ስለ ምንም ጽሑፍ የሰማው ነገር የለም። ፌስቡክም የለውም።

አፈርኩ። እፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ተሳስቼ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ስቆ ማለፍም ይቻል ነበር።

ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ ባዶውን ገጽ አመቻቸና እስክሪብቶውን ከፈተ። «የልጅቷን ስም ድገምልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት። እስከ አያቷ።