ተኳሽ ያለበት ቤት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሽሮ ስታማስሉ የብየዳ መነጽር ታደርጋላችሁ? አታደርጉም። እኔ ግን ወራት ሙሉ አድርጌአለሁ። ጎረቤታችን በመስኮት አይቶኝ «የበረከት እናት ብየዳ ጀመረች እንዴ?» ብሎ ባሌን ጠየቀው። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥንቃቄ ነው» አለ። ጥንቃቄ! መጠንቀቅስ የነበረብኝ ያኔ ሳገባው ነበር።

ነገሩ የጀመረው አምና በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ለበዓሉ ሜዳው ላይ በአየር ጠመንጃ ፊኛ የሚያስመታ ሰው ይመጣል። ታውቁታላችሁ፤ ሰሌዳ ላይ ፊኛ ደርድሮ «ሞክር! ሞክር!» የሚለው። ባሌ ማርቆስ ደግሞ አባቱ ኦሞ ድረስ ወርዶ ጎሽ የጣለ አዳኝ እንደነበር ሲያወራልን ነው የኖረው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ይህን ወሬ ሲሰሙ ኖረዋል። ያን ቀን ጠመንጃውን እጁ ላይ አኖሩለት። ተኮሰ። ሳተ። ደግሞ ተኮሰ። ፊኛው ምን ሆነ? ምንም! በነፋስ እየተወዛወዘ የሚስቅበት ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ ባለ ፊኛው ራሱ አዘነለትና «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ» አለው።

ይህቺ «ጠጋ ይበሉ» ናት ቤቴን ያፈረሰችው። በማግስቱ ቢሮ ሲገባ ፋይል የሚያቀብለው ሁሉ «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ» ይለው ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይተወዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ማርቆስ ለሚቀጥለው ጊፋታ ያንን ፊኛ ካልመታሁ ሰው አይደለሁም አለ። ዩቲዩብ ገባ። ፈረንጆች በየሳሎናቸው በመጫወቻ ሽጉጥ እየተለማመዱ አልሞ ተኳሽ እንደሚሆኑ ደረሰበት። ወንድሙ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንዱን ይዞለት መጣ፤ ሲያዩት የእውነት የሚመስል፣ አተር የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ። «መጫወቻ እኮ ነው» ይለኛል። መጫወቻማ ነው። ተጫወተብን።

ሳሎናችን የተኩስ ሜዳ ሆነ። ግድግዳው ላይ ክብ የተሳለበት ወረቀት ይለጥፍና ከሶፋው ጀርባ ይቆማል። ከመተኮሱ በፊት «መነጽር!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ ልጆቹም እኔም የብየዳ መነጽራችንን እናጠልቃለን። የብየዳ መነጽር ጥቁር ነው፤ እንግዲህ ቴሌቪዥን የምናየው በጆሮ ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ጥቅም አለው፤ ሽንኩርት ስከትፍ አላለቅስም። ሽንኩርት ሳልከትፍ ነው የማለቅሰው።

ግድግዳው ደግሞ ሲሚንቶ ነው፤ ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል። አንድ ቀን ተመልሶ ተኳሹን ራሱን ግንባሩ ላይ አገኘው። እሰይ አልኩ በልቤ። «የግድግዳው ጥፋት ነው» አለ። ጥይቱ የማይገኝበት ቦታ የለም፤ ጫማ ውስጥ፣ ምስር ውስጥ፣ ትራስ ስር።

የሰፈር ጸሎት በየቤቱ ይዞራል፤ ተራው የእኛ ደረሰ። ጠረግሁ፣ ወለወልሁ። ለካ አንዷ ጥይት ምንጣፉ ላይ ቀርታለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ሊጸልዩ ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ቀጥታ እሷ ላይ አረፈ። «ጌታ ሆይ!» ብለው ጮኹ። እንዲያ ከልባቸው ጮኸው አያውቁም። ሰው ሁሉ «አሜን!» ብሎ ተከተላቸው፤ የሚያለቅስም ነበር። እስከ ዛሬ «በእነ ማርቆስ ቤት የነበረው ጸሎት» እየተባለ ይወራል። ምን እንደነካቸው የማውቀው እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልናገር?

ከዚያ ማርቆስ ጥይቱ እንዳይነጥር ለስላሳ ነገር ፍለጋ ገባ። ብርድ ልብስ ሰቀለ። ፍራሽ አቆመ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አስተምሬ ስመለስ፣ እናቴ የሰጠችኝን ዱንጉዛ፣ ያንን ለሠርግና ለጊፋታ ብቻ የምለብሰውን፣ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ሲተኩስበት ደረስኩ። ዱንጉዛ እኮ ነው፣ እናንተ ሰዎች! ያን ዕለት የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። ወለሉ ላይ ጥይት የለም። ሳሎኑ ውስጥ «መነጽር!» የሚል የለም። ማርቆስ ጓዳ ገብቶ ትንሽ ይቆያል፤ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «መላ አገኘሁለት፤ ከእንግዲህ አትቸገሪም» አለኝ። ምን ዓይነት መላ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሰላም ሲመጣ ከየት መጣህ ይባላል እንዴ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቅቤ ካልኩ አይቀር ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የሰፈራችን ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታ ቅቤ እናጠራቅማለን። ወንዶቹ ለበሬው ይጨነቁ፤ ቅቤው የእኛ ነው። ከቦዲቲ ገበያም ይሁን ከዘመድ ያገኘነውን እያመጣን አንድ አፈ ሰፊ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ እንጨምራለን፤ በዓሉ ሲደርስ እንካፈላለን። ማሰሮው የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ከእኔ በፊት ያዢዋ አማቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትደክም ማሰሮውን ለእኔ አስረከበች። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚለውስ፣ ሞራ የሚደባልቅ በሞላበት ዘመን ቅቤ ያዥ መባል ማለት እጇ የታመነ ሴት መባል ነው። ከዲግሪዬ ይልቅ የምኮራው በዚያ ማሰሮ ነው።

ዘንድሮ የመካፈያው ቀን ደረሰ። ሴቶቹ ዕቃ ዕቃቸውን ይዘው መጡ። ማሰሮውን አወጣሁ፣ የእንሰት ቅጠሉን ገለጥሁ። ላዩ ለጥ ብሎ ያምራል። በማንኪያ የተስተካከለ ይመስላል። (ለካ በማንኪያ የተስተካከለ ነው!) የማኅበሩ ትልቅ እማማ ዘነበች ናቸው፤ ቢላዋቸውን ሰደዱ። ቀጭ አለ። ቢላዋው ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር ይዞ ወጣ። ደግመው ሰደዱ። ቀጭ! ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

«ሙዝ የሚለውስ ሰምተናል፤ ዶቃ የሚለውስ ግን ዛሬ ገና አየን» አለች የታምራት እናት። ሌላዋ ቀስ ብላ «ለሚዛን ይሆናል» አለች። ያቺ ቀስ ማለቷ ነች አንጀቴን የቆረጠችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «ማርቆስ!» ብዬ ጮኽሁ።

መጣ። እንዲያው ትንሽ እንኳ አይደነግጥም? ማሰሮውን አጋድሞ፣ አፉ ላይ ወረቀት ወጥሮ ሲተኩስበት እንደከረመ እንደ ሊቅ ያስረዳን ጀመር። ቅቤ ጥይት አይመልስም፤ ይውጣል፤ ድምፅም የለው። ለማንኛውም ቅቤው መነጠሩ አይቀር፤ ያኔ ማጥለያው ያስቀረዋል። ማጥለያ የሚሰቀልበትን ሚስማር እንኳ የማያውቅ ሰው!

እሺ፣ አመነ። ተገላገልሁ አልሁ። ማን ያምናል? «የበረከት እናት፣ ከዋሹ አይቀር ደህና ውሸት ይዋሻል። ቅቤ ላይ የሚተኩስ ሰው አለ?» አሉ እማማ ዘነበች። እውነት ብለዋል፤ የለም። አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ለእኔ ደረሰኝ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና «ሚስቱን ሊሸፍን ነው፤ እንዴት ያለ ጥሩ ባል ነው!» አሉ። ጥሩ ባል! የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ አይደል?

«እንግዲያው ይተኩስና እንየው» አሉ እማማ ዘነበች።

ገባችሁ? ከመታ ስሜ ይጸዳል። ከሳተ ሌባ ነኝ፤ ማሰሮውም ይሄዳል። ማርቆስ ዒላማ እንዲመታ የጸለይሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ማሰሮው ተጋደመ፣ ወረቀቱ ተወጠረ። ሴቶቹ ከኋላው ቆመው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ማርቆስ እግሩን ከፈት አደረገ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ተኮሰ። ፔርሙሱን መታ። ተኮሰ። የሠርጋችንን ፎቶ መታ፤ እሱንም በእኔ በኩል። ለካ ይሄ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው ተኳሽ፤ ሰው ካየው ዒላማው ይጠፋበታል። ቤቱን ሁሉ መታ፣ ቅቤውን ብቻ ሳተ። «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ» አለች አንዷ፤ ወሬው ሰፈራችን ደርሷል ማለት ነው። ሳቁ። የታምራት እናት ዕቃዋን አንስታ «ማሰሮው ለከርሞ ሌላ ቤት ይሂድ» አለች።

የአማቴ ማሰሮ! ደሜ ፈላ። ሽጉጡን ከእጁ መነጨቅሁት። በሕይወቴ ሽጉጥ ይዤ አላውቅም። አላለምኩም፣ ትንፋሽም አልያዝኩም፤ ከንዴቴ ብዛት ዝም ብዬ ሳብሁት። ወረቀቱ መሐል ለመሐል ተበሳ። ደግሜ ሳብሁት፤ በዚያው ቀዳዳ ገባ። ቅቤው ጭጭ ብሎ ዋጠው።

«አያችሁ? አሁንስ አያችሁ?» አልኩ።

አዩ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ማርቆስን በሐዘኔታ አዩት። «አሁን ገባኝ። ይሄ ምስኪን ለአንቺ ብሎ ነው የተሸከመው። ተኳሿ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ማርቆስ አፉን ከፍቶ ማስረዳት ያለበት ያኔ አልነበረም? እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ክርንሽን አላቃናሽም» አለኝ። በቃ፣ አለቀልኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደር ደፈረሰ። ቅቤውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እያሸን ጥይት ስንለቅም ዋልን። ሙዝም ሞራም እንደሌለበት ሁሉም በእጁ አረጋገጠ፤ ከሌብነቱ ነጻ ወጣሁ። ቅቤ ላይ ተኳሽነቱ ግን እኔው ላይ ቀረ። በበዓሉ ቀን «ዮዮ ጊፋታ!» ያለኝ ሁሉ ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊኛው ሊወስደኝ ይታገላል። ማርቆስ ፊኛውን ትቶታል፤ ለቢሮ ሰዎች «ያሠለጠንኋት እኔ ነኝ» እያለ ያወራል።

ማሰሮውስ? ማኅበሩ ተሰብስቦ እኔው ጋ ይቀመጥ አለ። ደስታዬ ለከት አጣ፤ ዕንባዬ መጣ። አመስግኜ ልቀመጥ ስል እማማ ዘነበች ምክንያቱን አከሉበት፦ «ተኳሽ ያለበት ቤት ሌባ አይደፍረውም።»

እንግዲህ አማቴ ቅቤ ያዥ የሆነችው እጇ ስለታመነ ነው። እኔ የቀጠልሁት እጄ ስለተፈራ ነው። እና ደግሞ፣ ለማርቆስ እንዳትነግሩብኝ እንጂ፣ ክርን ሲቃና እውነትም ይሻላል።