የክት ጃኬት

ልብሱን ክት ብሎ አስቀምጦ፣ የሚለብስበትን ቀን ሳያገኝ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ናዝሬት ጎረቤታችን የነበሩት ጋሽ ታደሰ ከዚህ ወገን ነበሩ።

በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን መካኒክ የገዙት ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበራቸው። የናዝሬት ነፋስ አድርቆት ክርኑ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። እሑድ እሑድ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉና ጥላ ሥር ሰቅለው፣ የቀለጠ ሞራ በጣታቸው እያሹ ያጠጡታል። ለሕፃን እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቁም። ቆዳው ለሰለሰ፤ አማረ።

ታዲያ መቼ ይለበስ? ቀን ሙቀቱ አያስለብስም፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ከቤት አይወጣም። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ጃኬቱን ለብሰው ከበራቸው እስከ ማድቤታቸው ይንሸራሸሩ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ በቀለች፣ የእህታቸው ልጅ ቡልቡላ ከተማ ስትዳር፣ «እባክህ ዛሬ እንኳ ልበሰውና አብረን እንሂድ» አሏቸው።

«ገና ሞራውን አልጠጣም፤ የመንገዱ አቧራ ይጣበቅበታል። ያለሱ ደግሞ ሰርግ አልሄድም። ለሚቀጥለው ይሁን።»

እትዬ በቀለች ብቻቸውን ሄዱ። የሚቀጥለው ሰርግ ሳይመጣ ታመው ሞቱ።

በቀብሩ ዕለት ጋሽ ታደሰ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጃኬቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወጡ። ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ታደሰ፣ ይሄ የለቅሶ ልብስ ነው እንዴ? አውልቀው እንጂ፤ ሙቀቱም ይጥልሃል» አሏቸው።

«ልበሰው ያለችኝ እሷ ናት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሽማግሌው ክንዳቸውን ደግፈው መራመድ ጀመሩ። እኔም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ከጎናቸው ሄድኩ። ጃኬቱ በጣም ያምርባቸው ነበር።