ያ ላንድሮቨር ሲነሳ

እኛ አገር «እምቢ» የሚባል ቃል አለ እንጂ የሚጠቀምበት ሰው ብዙም የለም። ነውር ነው። አንድ ሰው የማትፈልጉትን ነገር ሲለምናችሁ «እስቲ እናያለን» ትላላችሁ። ትንሽ ጨከን ስትሉ «ከፋሲካ በኋላ» ትላላችሁ፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ ግን አትናገሩም። ለማኙም ይገባዋል፣ እናንተም እንደገባው ይገባችኋል፣ ተመራርቃችሁ ትለያያላችሁ። እንዲህ እየተከባበርን ስንቱ ነገር ሳይሆን ቀርቷል!

በዚህ ሙያ ግን እናቴን የሚስተካከላት አላየሁም። የእሷ እምቢታ አራት ጎማ ነበረው። አራቱም የተነፈሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ አዳማ ትኖራለች፤ ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ጥሩነሽ፣ ደግሞ ባቱ። ቁርስ በልታችሁ ሚኒባስ ብትሳፈሩ ለምሳ የምትደርሱበት አገር ነው። ሁለቱ ግን አባቴ ካረፈ ጀምሮ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ጠባቸው የመሬት እንዳይመስላችሁ፤ የውርስም አይደለም። የለቅሶ ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ በዚያ ሁሉ ትርምስ አንዱ ሌላው የነገራት እየመሰለው ለአክስቴ መርዶ የሚነግራት ሰው ጠፋ። ከገበያ ሰምታ እያለቀሰች ስትደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሩ ተመልሷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። እናቴ «አንዲት እህቴ ባሌን ሳትቀብርልኝ ቀረች» አለች። አክስቴ «እንደ ባዳ ከመንገድ እንድሰማ ተደረግሁ» አለች። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ጠብ ደግሞ ዕድሜው የሚረዝመው እንዲህ ከሁለቱም ወገን እውነት ሲኖርበት ነው።

በየበዓሉ «እማዬ፣ ባቱ ልውሰድሽና ታረቁ» እላታለሁ። «እስቲ እናያለን» ትለኛለች። ባለፈው መስቀል ግን አጥብቄ ያዝኳት። መሄጃ ስታጣ በመስኮት ወደ ጓሮ ተመለከተችና እጇን ዘርግታ ማለች፦ «ያ ላንድሮቨር ተነስቶ ከዚህ ግቢ የወጣ ቀን እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ብሄድ የአባትህ አጥንት ይውጋኝ!»

ላንድሮቨሩን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ከሐራጅ ገዝቶት ከመልካሳ እስከ አርሲ ተራሮች ዘር ሲጭንበት፣ ሙሽራ ሲያጅብበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሲያደርስበት የኖረ መኪና ነው። እሱ ሲያርፍ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመ፤ እንደቆመም ቀረ። ቀለሙ አረንጓዴ ነበር ይባላል። የኋላ ወንበሩ ላይ የእናቴ ዶሮዎች ይጥላሉ፣ የፊቱን ወንበር ድመት ይዛዋለች፣ በኮፈኑ ሥር ደግሞ ምን እንዳለ ለማየት የደፈረ አልነበረም። እናቴ የማለችው ይህንን አይታ ነው። ዝሆን በመርፌ ቀዳዳ ካለፈ እሄዳለሁ እንደማለት ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ቃሏን ያዝኩ። የምኖረው ከእናቴ ቤት ወረድ ብዬ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ መድኃኒት ቤት፤ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር ሲሞት ዝም እንደሚል ብቻ ነበር። ግን ከድር የሚባል አብሮ አደግ አለኝ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ ጋራዥ ያለው። አምጥቼ አሳየሁት። «አካም ጅርታ፣ ሽማግሌው?» ብሎ ለእኔ ሳይሆን ለመኪናው ሰላምታ ሰጠ። ኮፈኑን አነሳ። አንዲት ዶሮ እየተንጫጫች ወጣች። «ያ ረቢ!» አለና መልሶ ከደነው። ትንሽ አሰበ፤ ደግሞ ከፈተው። አባቴ ታማ የነበረችውን የእሱን እናት በዚሁ መኪና ሐኪም ቤት ማድረሱን አስታወሰኝና፣ በዕረፍቱ ቀን እየመጣ ሊያሳየኝ፣ ሥራውን ግን እኔው ልሠራ ተስማማን። ከድርን እግዜር ይስጥልኝ። የዕረፍት ቀን እንደሌለው ያወቅሁት ኋላ ነው።

እየቆሸሽኩ ተማርኩ። ካንዴላ ፈታሁ፣ ራዲያተር አጠብኩ፣ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ አውርጄ አሠራሁ። ሞተሩ ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ሲሊንደሩን በዘይት ዘፍዝፈን ጠበቅን። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ታየኛለች። «መድኃኒት ሻጭ ነህ መካኒክ?» ትላለች። «በሽተኛ በሽተኛ ነው እማዬ» እላታለሁ። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። የተጣበቀው ሞተር ተላቆ መዞር ሲጀምር ሳቁን ተወችው፤ ትንሽ ሳትሰጋ አልቀረችም።

ያኔ የናዝሬት ነፋስ መጣ። አዳማ የኖረ ያውቀዋል፤ ያልኖረ ዓይኑን ጨፍኖ ያመስግን። ከድር ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ ማለት ነው፣ ልንከፍተው ስንል አቧራውን አየና «በዚህ ነፋስ ከከፈትነው አሸዋ ይሞላዋል» አለኝ። መጋረጃ ያስፈልጋል። ሸራ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ከዚያ አንድ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። ብልህ ሐሳብ ሲመጣላችሁ ትንሽ ቁጭ በሉ፤ እኔ አልተቀመጥኩም። የሰፈራችን እድር አዲስ ድንኳን ስለገዛ አሮጌው ዕቃ ቤት ተጣጥፎ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ዕቃ ጠባቂውን ጋሽ ደበላን ለመንኳቸው፤ የዋህ ናቸው፣ ፈቀዱልኝ። «ብሎኑን በምን ላይ ትደረድራለህ?» ብለው አግዳሚ ወንበርም ጨመሩልኝ።

እናቴ ድንኳኑ ሲተከል አይታ አማተበች። «በሰላም ቀን ድንኳን ሟርት ነው» አለች። «ለአቧራ ነው እማዬ» አልኳት። ጓሮው ስላልበቃው ግማሹ ወደ ፊት ወጥቶ በግቢው በር በኩል ለመንገዱ ይታይ ነበር። እሷ ጉንፋን ይዟት ነበርና ወደ ውስጥ ገብታ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሥር ተጋድሜ ሳለ የሴት እግር ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በጫማዋ አወቅኋት፤ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሀሊማ ናት። «ኧረ ከመሬት ተነስ ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ» አለችኝ። «አሜን» አልኩ። የዚያን ሞተር ሁኔታ ያየ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚለኝ። ሌሎች ሁለት ሴቶች ገብተው ተቀመጡ። አንዷ ሳህን ሙሉ ንፍሮ ይዛለች። ይሄ ሰፈር ለአንድ መኪና እንዴት ነው ያዘነው እያልኩ በመገረም ተሳብኩና ወጣሁ። ፊቴ በጥላሸትና በዘይት ጠቁሯል። ሲያዩኝ ሦስቱም አለቀሱ።

ነገሩ ሳይገባኝ ከበሩ ላይ ጩኸት መጣ። «ወይኔ እህቴ! ወይኔ በላይነሽ! ሳልታረቅሽ! ሳልታረቅሽ!» አክስቴ ጥሩነሽ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በአንድ እግሯ ጫማ ብቻ፣ የባቱ ጎረቤቶቿ በግራና በቀኝ ይዘዋታል። ለካ ከባቱ ሽንኩርት ይዞ አዳማ ገበያ የሚያድር፣ ቤታችንን የሚያውቅ አንድ ነጋዴ በደጃችን ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ደውሎላት ኖሯል። አንዲት አሮጊት ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ደጃፍ ድንኳን ከተተከለ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አክስቴም አልጠየቀችም። መርዶ የሚነግራት ሽማግሌ አልጠበቀችም። ባለፈው ጊዜ ነጋሪ አጥታ የደረሰባትን ታውቃለችና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዘች።

«እቴትዬ፣ ቆይ፣ ማንም አልሞተም!» እያልኩ ሮጥኩ። ማን ይሰማኛል? ሟች ቤት ሁልጊዜም እንዲህ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አክስቴ መሬት ላይ ተቀመጠችና ደረቷን መታች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛ! ሳትጠራኝ መምጣት ነበረብኝ! እሷ ምን አጠፋች!» አለች። ይህ ስንት ሽማግሌ ለምኖ ከአፏ ሊያወጣው ያልቻለ ቃል ነው።

የበረንዳው በር ተከፈተ። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ወጣች። «ማን ነው ደጄ ላይ የሚያለቅሰው?» አለች። ንፍሮ የያዘችው ሴት ሳህኑን ለቀቀችው። አክስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። እናቴ ድንኳኑን አየች፣ ለቀስተኛውን አየች፣ የታናሽ እህቷን ባዶ እግር አየች፤ ሁሉም ነገር ገባት። ሄዳ ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና አንገቷን አቀፈቻት።

«ዛሬስ ቀድመሽ መጣሽ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል የለኝም። ያለቀሰው ሁሉ ደግሞ አዲስ አለቀሰ፤ በመሃል ሀሊማ ሳቅ አመለጣትና ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ደበላ ድንኳኑ ያመጣውን ጣጣ ሰምተው እየተጣደፉ ደረሱ። ሊቆጡኝ ነበር። እናቴ ራሷ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። «እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሟች ተነስታ ስታስተናግደን የዛሬው የመጀመሪያ ነው» አሉና ተቀመጡ። ንፍሮውን ከመሬት የተረፈውን በላን። ከመሞት መሰንበት ማለት ይኸው ነው።

አሁን የቀረው ወደ ባቱ መሄድ ነበር። እናቴ ግን «ምያለሁ» አለች። «መኪናው ሳይነሳ አልሄድም።» የንስሐ አባቷ ሊፈቷት ሞከሩ። «እግዜርስ ይፈታኛል፣ ሟቹን ማን ያስፈቅደዋል?» አለቻቸው። አክስቴም ከማን ታንሳለች፦ «እንግዲያው እስኪነሳ እኔም እዚሁ ነኝ።»

ተቀመጠች። እኔ ከሥር እሠራለሁ፣ እነሱ ከላይ አግዳሚው ላይ ያወራሉ። አንድ ቀን እናቴ አባቴ ያረፈበትን ቀን ከማለዳው ጀምራ ተረከችላት፤ ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ማን እንደገነዘው፣ ማን ከፊት እንደተሸከመ፣ ዝናቡ መቼ እንደጣለ። አክስቴም ያን ያመለጣትን ለቅሶ ቁጭ ብላ አለቀሰችው። እናቴ ጠበቀቻት። እኔም መኪናው ሥር ሆኜ መፍቻዬን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ደግሞም አመሰገንኩ። ነፋሱን፣ ያንን ሽንኩርት ነጋዴ፣ የጋሽ ደበላን የዋህነት፣ ሳያጣሩ ለማልቀስ የሚሮጡትን ጎረቤቶቼን ሁሉ። ወሬ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አውቃለሁ። የእኛን ግን ጠገነ፤ ተመስገን።

ድንኳኑን መለስን፤ አክስቴ አልተመለሰችም። ወር አልፎ ወር ተተካ። የሞተሩ ራስ ተገጠመ፣ አዲስ ባትሪ ገባ፣ ዶሮዎቹ ቤት ተሠራላቸው። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ገበያ ወርዳ ሳለ ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ሳለ። እንደገና ሳለ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ አባቴ ከመንገድ ሲመጣ እንደማውቀው ሆኖ፣ አገሳ። ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ ከድር «ያ ረቢ!» እያለ ኮፈኑን ደበደበ፣ እኔም «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ጮህኩ።

እናቴ ወጣች። ፊቷ በራ፤ ከዚያ ወደ ግቢው በር ተመለከተችና ጠቆረ።

«አጥፋው» አለችኝ።

«ተነሳ እኮ እማዬ!»

«ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ባቱ አደረስከኝ እንበል፤ ከዚያስ? እሷ ቤቷ ትቀራለች፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ብቻዬን እመለሳለሁ። አጥፋው!»

አጠፋሁት። ከድር እጁን በጨርቅ እየጠረገ የኒሙን ቅጠል ያይ ጀመር። ጭሱ ገና ሳይበተን አክስቴ የግቢውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የዚያ ሞተር ድምፅ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ቆማ ጭሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እናቴን አየች።

«ዛሬም አልተነሳም?» አለች።

«የት ይነሳል፣ ይሄ ቆርቆሮ!» አለች እናቴ።

አክስቴ ዘንቢሏን አስቀመጠችና መጥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አይዞህ ልጄ» አለችኝ፤ «አትቸኩል።»