የካርቦኗ ብስክሌት ዐመል

ከተማ ያለ መብራት ያድራል፣ ገበያም ያለ ሚዛን ይውላል፤ ሰው ሲገዛ ዝም ብሎ የሚያይ ጎረቤት ግን እስካሁን አልተፈጠረም። በየመንደሩ አንድ ሰው አለ። የሚገዛው ነገር የለውም፣ ገበያ ግን አይቀርም። ሌላው በሬ ሲገዛ እሱ ጭራ ያነሳል፤ ሌላው ሽምብራ ሲገዛ እሱ ይቆረጥማል፤ ሌላው ጫማ ሲገዛ እሱ ያሸታል። የመካነ ኢየሱስ ከተማው አያ ጥላዬ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም።

አያ ጥላዬ አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው። በከብት ገበያ ሻጭ የከብቱን ዐመል አይደብቅም፤ ይዋጋል፣ ይራገጣል፣ እርሻ ላይ ይተኛል ብሎ ይናገራል። ይህ የአገር ወግ ነውና ማንም አይቃወመውም። ችግሩ፣ አያ ጥላዬ ወጉን ወደ ፕላስቲክ ወንበርና ወደ ሞባይል ቀፎ ማሻገራቸው ነው። «ዐመሉን ሳትነግሩኝ ገመዱን አልይዝም!» ይላሉ፤ ዕቃው ገመድ ይኑረው አይኑረው ግድ የላቸውም። አንድ ነጋዴ ስለሚሸጠው ጃንጥላ «ምንም ዐመል የለውም» ቢላቸው፣ «ዐመል የሌለው መልአክ ብቻ ነው» ብለው ገዢውን እጁን ይዘው ወሰዱት። ገዢው የዚያን ዕለት በዝናብ ርሶ ቤቱ ገባ።

የራሳቸውን አህያ ሊሸጡ የወጡ ጊዜማ ጉድ ነበር። ለመጣው ሁሉ «ጭነት ስታይ ትተኛለች፤ ወንዝ ስታይ ትመለሳለች፤ ሙሽራ ስታይ ትራገጣለች» እያሉ አህያዪቱ ገዢ አጥታ እደጃቸው አረጀች። ዛሬም አለች። ሰርግ ሲያልፍ ያስሯታል።

ከእኚህ ሰው ጋር ግድግዳ የምትጋራው ፅጌረዳ ብስክሌተኛ ናት። ከወንድሟ በወረሰችው የብረት ብስክሌት ገና ጎህ ሲቀድ እየወጣች ዳገቱን ብቻዋን ትታገለዋለች። ከደብረ ታቦር አንድ የብስክሌት ክለብ አሰልጣኝ፣ ሀይደር የሚባል፣ ስትጋልብ አይቷት ኖሮ ባለፈው የገበያ ቀን ሁለት ከካርቦን የተሠሩ ኮርሳ የውድድር ብስክሌቶች በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ መጣ፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ። «አንዷን ምረጪ። ሌላዪቱ ለስማዳዋ ልጅ ናት። አውቶቡሱ ሲመለስ እኔም እመለሳለሁ» አላት። ብስክሌቷ የክለቡ ንብረት ናትና ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ ከጠፋ ብስክሌት የለም፤ ብስክሌት ከሌለ የእሑዱ የባሕር ዳር ውድድር የለም። የፅጌረዳ እናት ወይዘሮ መዓዛ ደግሞ፣ ከአያ ጥላዬ በቀር የሚታመን ዋስ በምድር ላይ አይታያቸውም።

አያ ጥላዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው መናኸሪያ ደረሱ። ጥቁሯን ብስክሌት በሁለት እጃቸው ብድግ ሲያደርጓት ወደ ኋላ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው፤ ክብደት ጠብቀው ነበራ።

«ምነው ልጄ፣ መኖ ከልክላችኋት ነው?»

«አባባ፣ ውድ ያደረጋት እኮ መቅለሏ ነው» አለ ሀይደር።

«በየትኛው አገር ነው የከሳ ከሰባ የሚበልጠው?»

ቀጥለው የማርሹን ጥርስ መቁጠር ጀመሩ። «ይህን ሁሉ ጥርስ አብቅላ፣ ወጣት ናት ትለኛለህ?» ይኼኔ ገበያተኛው ተሰብስቦ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ የጥቁሯ ወገን፣ ግማሹ የቀይዋ። ከቤተ ልሔም ደብር ለጉዳይ የመጡ አንድ መሪጌታ ጥቁሯን ተቃወሙ። ስትነዳ ድምፅ የላትም፤ ድምፅ የሌለው ነገር እንዴት ይታመናል?

ፅጌረዳ ጥቁሯን የመረጠቻት ገና ከጣራ ስትወርድ ነው። «አያ ጥላዬ፣ እኔኮ...» ስትል፣ «ቆይ ልጄ፣ ገዢ አይናገርም» አሏት። ከዚያም ወደ አሰልጣኙ ዞሩ።

«በል ዐመሏን ተናገር።»

«ማሽን ዐመል የለውም፣ አባባ!»

«እንግዲያው ገመዱን አልይዝም፤ ዋስም አልሆንም።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ ቀይዋን ወደ ጣራው ማውጣት ጀመረ። ፅጌረዳ በዚያች ሰዓት እኚህን ሽማግሌ ከልቧ ጠላቻቸው።

ሀይደር ግን እጁን ሰጠ። «እሺ! ጥቁሯ ጠጠር አትወድም፤ ጎማዋ ሆደ ባሻ ነው። ቀይዋ ዳገት ላይ ትለግማለች። ይበቃዎታል?»

የአያ ጥላዬ ፊት በራ። «እንዲህ ነው እንጂ ወንድ! ጥቁሯን ተውልን።»

«ቆይ» አለ ሀይደር፣ የዋስትናውን ወረቀት ወደ ኋላ ሸሽጎ። «እኔም የክለቡን ንብረት ለማላውቃት ልጅ ነው የምሰጠው። የልጅቱን ዐመል ይናገሩ።»

ሰዉ ሳቀ። ፅጌረዳ አልሳቀችም። ለገዛ አህያቸው ያልዋሹ ሰው ለእሷ ይዋሻሉ? አለቀልኝ አለች።

አያ ጥላዬ እንደ ልማዳቸው መጮኹን ትተው ዝግ ብለው ተናገሩ።

«ዳገት ላይ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አንዳንዴ ይደማል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትነካም፤ እኔ ተደብቄ በልቤ ስሟን እየጠራሁ እሷ አትነካም። ዳገቱ ያሸነፋት ቀን እህል አይላትም፤ እናቷን ታስለቅሳለች። ባለፈው ክረምት፣ ከድልድዩ ማዶ ጭቃው ጣላት። ሰው አይቷት እንደሆነ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም የለም ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ጉልበቷን በነጠላዋ ጫፍ አስራ፣ ብስክሌቱን አዙራ ዳገቱን እንደገና ወጣችው። እኔ እንደ ወትሮዬ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበርኩ። ላነሳት ሮጬ ግማሽ መንገድ ደርሼ ተመለስኩ። መታየት አትወድም። ይህም ዐመሏ ነው።»

ፅጌረዳ የዚያን ቀኑን ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ብቻዬን ነኝ ብላ ስትጋልብ ኖራለች።

ሀይደር ወረቀቱን አወጣና ለአያ ጥላዬ እስክሪብቶ ሰጣቸው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ አባቴ።» ፈረሙ።

አውቶቡሱ ቀይዋን ይዞ ሄደ። ፅጌረዳ ጥቁሯን ይዛ ወደ ከተማው ዳር ወጣች፤ ገበያተኛው ሁሉ እየተንጋጋ ተከተላት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። አያ ጥላዬ ከሰዉ ነጠል ብለው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ቆመዋል።

ለቀቀቻት፤ ካርቦኗ በረረች። መሐል ላይ ስትደርስ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፅጌረዳ እየሳቀች ፍሬን ያዘች።