የአቶ ቀጀላ የማይታዩ ተከራዮች

ሰፈር ያለ ውኃ ይኖራል፣ ያለ መብራትም ይኖራል፤ ለማይታይ ነገር ጥብቅና የቆመ አንድ ሰው ሳይኖረው ግን አንድ ቀን አያድርም። የአንዱ ሰፈር ጠበቃ ስለ ቡዳ ያስጠነቅቃል፣ የሌላው ስለ ሞባይል ጨረር። ለእኛ ለካራ ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ ቀጀላ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፣ የአፈር ውስጥ ጀርሞች ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር።

እሳቸው ጓሮ እንደ ልብ መራመድ አይቻልም። እግርህን ስታነሣ «ቀስ! ሕዝብ አለ!» ይሉሃል። የዕድር ድንኳን ልንተክል ካስማ ይዘን ስንሄድ «መጀመሪያ አስፈቅዱ» አሉን። ማንን ብንላቸው ወደ መሬት ጠቆሙ። ጎረቤታችን ሩታ በረኪና ያለበት እጣቢ ደጃቸው ብትደፋ «ስንቱን ቤተሰብ በተንሽ!» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፏት።

እኔ ደግሞ በራሪ ጽሑፍ ያስተማረኝ ሰው ነኝ። ከግብርና ኤግዚቢሽን፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከላምበረት መናኸሪያ በር የሚታደል ወረቀት አያመልጠኝም። በራሪ ጽሑፍ ሦስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ሁሉን ያወቅሁ ስለሚመስለኝ ሦስተኛውን ገልጬ አላውቅም። በዚህ እውቀት ነው እንግዲህ ሰው ላይ የምሳለቀው።

አምና ጓሮዬ የዘራሁት ሽምብራ ሊያብብ ሲል አንገቱን ደፋ። ነቅዬ ግንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ጠቁሯል፤ አፈር ውስጥ ያደፈጠ ፈንገስ ውኃ እንዳይወጣ አንቆታል። ባለቤቴ መዓዛ አዘነችልኝ እንዳትሉ። «ዘንድሮም ከደረቀ ሰርቪስ ቤት ይሠራበታል» አለችና ቆርቆሮውን ገዝታ አጥሩ ላይ አስደገፈችው። መሬቷ መሐረብ ብታክል ነው። ግን ከቢሮ መልስ ሰው የምሆነው እሷ ላይ ብቻ ነው።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አቶ ቀጀላ ዘንድ ሄድኩ። አረንጓዴ ዱቄት በፌስታል ይዘው ወጡ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ፈንገስ።»

«ፈንገስ ጨረሰኝ እያልኩዎት!»

«ያ ወሮበላው ነው። ይሄ ጨዋው። ቀድሞ ሥሩን ይከራያል፤ ወሮበላው ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ ተይዟል። ካስቸገረም ይማታል!»

ዘሩን በስኳር ውኃ አርሼ ዱቄቱን እንድቀባው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ለታመመ ሰው ሌላ በሽታ ስለሚያዝ ሐኪም፣ ነገ ቢሮ የማወራትን ቀልድ እያሳመርኩ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ቀባሁ። ወዲያው ከአንዱ በራሪ ጽሑፍ «ዘር በሚገባ ይድረቅ» የሚል ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ይሄማ ወረቀትም አያሻው፤ የረጠበ እህል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ያደግንበት ነው። ሰሌን አጣሁ። የመዓዛን ቆርቆሮ መሬት ላይ አንጥፌ ዘሬን ዘረጋሁበት። የመስከረም ፀሐይ አናት ይበሳል። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሥራዬን አደነቅሁ።

«ስጥ አንሱ! ስጥ! ስጥ!»

በእኛ ሰፈር ይህ ጩኸት ሲሰማ ሰማይ የሚያይ የለም፤ ሁሉም ይሮጣል። ሩታ በርበሬዋን በሰፌድ አፈሰች። ጎረቤታችን ገበየሁ ጌሾውን በጋቢው ጠቀለለ። እኔም ወደ ዘሬ ስሮጥ ጩኸቱን ያሰሙት አቶ ቀጀላ በአጥሩ ላይ ሱሪያቸው እየተቀደደ ዘለው ገቡ።

«ዝናቡ የታለ?» አለች ሩታ በርበሬዋን ታቅፋ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለም።

«ምን ዝናብ! ይሄ ሰው ሕዝብ እየጠበሰ ነው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱ ይድረቅ ይላል» አልኩ በምሁር ድምፅ፣ በራሪ ጽሑፉን ከኪሴ አውጥቼ። ሩታ ወረቀቱን ተቀብላ የማላውቀውን ሦስተኛ እጥፍ ገለጠችና ጮክ ብላ አነበበች፦ በጠቃሚ ተሕዋስያን የታሸ ዘር ጥላ ሥር ይቆይ፣ ፀሐይ አይንካው። ገበየሁ ጌሾውን መልሶ ሊያሰጣ ሲሄድ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ቀጀላ ቆርቆሮውን በጣታቸው ነክተው ቆባቸውን አወለቁ። «አልቀዋል» አሉ። ቀጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱና ለራሳቸው ሽምብራ ያስቀመጡትን ዱቄት አመጡልኝ።

«እርስዎስ በምን ይዘራሉ?»

«የእኔ ሚስት ቆርቆሮ አልገዛችም» አሉ። ዘሩን ራሳቸው አሹት፤ እኔን እንደማይታመን ተከራይ እያዩኝ እዚያው አጠገባቸው አስዘሩኝ።

ኅዳር ላይ ጥግ ጥጉ ጥቂት ደረቀብኝ፤ የቀረው ቆመ። መዓዛ እሸት እየፈለፈለች በሞላ አፏ «ሰርቪሱ ይቆይ» አለች። ከአጥሩ ወዲያ የአቶ ቀጀላ ሽምብራ መስመር በመስመር አንገቱን ደፍቶ ነበር። ይህን አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እሱ ነው የጎዳኝ።

ከሁሉ ያማረውን አንዱን ከነአፈሩ ነቅዬ ወሰድኩላቸው። እሸቱን ዞር ብለውም አላዩት። ተክሉን ዘቅዝቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ንጹሑን ሥር እንደ ሕፃን ጣት አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«እንዴት ናቸው?» አሉኝ። ስለ ሽምብራው አልነበረም።

የካራ ፌዘኛ፣ እኔ፣ ፊቴን ሳላጣምም «ደኅና ናቸው ጋሼ» አልኳቸው፤ «ሰላም ብለውዎታል።»