ሳያዩ ጥይት የመሙላት ጥበቤና የቴፒው ቁንዶ በርበሬ

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ ካላችሁ ቁጭ በሉ። ሻይ የያዛችሁም አስቀምጡት፣ ትን እንዳይላችሁ።

የሰው ውርደት በአንድ ቀን ያልቃል። የእኔ ትናንት ጠዋት ሚዛን ከተማ ተጀምሮ፣ አድሮ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ቦንጋ ገባ። ያውም በሚኒባስ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ብሩክ እባላለሁ። ሚዛን ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በፕላስቲክ ጠመንጃ ተኩስ እጫወታለሁ።

አዎ። ሳቁና ጨርሱ።

ኤርሶፍት ይባላል። ጠመንጃዋ የጨዋታ ናት፣ የምትተፋውም ትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ማንም እውነተኛ እንዳይመስለው ደማቅ ቢጫ ቀብተናታል፣ ለቀበሌም ተናግረናል። መነጽር ሳያደርግ የሚገባ የለም፣ እሱ ላይ እኔ ፖሊስ ነኝ። የምንጫወተው ወደ ሸዋ ቤንች ሲወጣ ባለው የአንዱ ጓደኛችን አባት የቡና ማሳ ውስጥ ነው። ለቀማው ስላለቀ ፈቅደውልናል። የጠየቁን ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የቡና ቅርንጫፍ የሰበረ ሰው እንደተመታ ይቆጠራል።

ደንቡ ቀላል ነው። አራት ለአራት እንሆናለን፣ መሃል ላይ ጀሪካን ይቀመጣል፣ ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ራሱ ቡድን የዋንዛ ዛፍ ያደረሰ አሸነፈ። የተመታ ሰው እጁን አንስቶ «ተመትቻለሁ!» ይልና ይወጣል። ማን ማንን መታ በሚል እንዳንጨቃጨቅ የአማን ልጆች ነጭ ፍሬ ይተኩሳሉ፣ እኛ የሚዛን ልጆች ጥቁር።

ጥቁር። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሚዛንና አማን አንድ ከተማ ሆነዋል ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አልሆኑም! ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ስንሸነፍ ነው የከረምነው።

ከእኛ ቡድን ታሪኩ የሚባል ልጅ አለ። የፊዚክስ መምህር ነው፣ ሲሮጥ ያዘግማል፣ ሲደበቅ ክርኑ ይታያል፣ ግን አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። አሸንፎም አያውቅም።

ስንት ዓመት የጠየቀው ዝውውር በዚህ ወር ተፈቀደለት። ቦንጋ ወላጆቹ ጋ ሊገባ ነው። አባቱ አርጅተዋል፣ ካመማቸው ወዲህ ደግሞ ዝምታ አብዝተዋል። «ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ» ብሎኝ ነበር አንድ ቀን፣ ሻይ እየጠጣን።

የትናንቱ ጨዋታ የመጨረሻው ነበር። ዓርብ ዕለት ትከሻውን ያዝኩና «አሸንፈህ ነው የምትሄደው፣ ቃሌ ነው!» አልኩት።

ማን ጠየቀኝ? ማንም! ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ግን በባዶ ሜዳ አይደለም የፎከርኩት። ዘዴ ነበረኝ። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ዒላማ ስለማያውቅ አይደለም፣ ጥይቱ አልቆ ሲሞላ ነው የሚያዘው። ፍሬውን ኪሱ ውስጥ ይበትነዋል፣ በጭንቅ ሰዓት ዘግኖ ሲያወጣ ግማሹ መሬት ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኛ ቡድን ነው።

እኔ ጥናት አደረግኩ። ሥራ ቦታ ባዶ የክኒን ብልቃጥ ሞልቷል። ነጭ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ ክዳኑ በአውራ ጣት ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ አፉ ደግሞ ጠመንጃው ካዝና ላይ ላለችው የመሙያ ቀዳዳ ልክክ ይላል። ግራ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። መዘዝ፣ ቀጭ፣ ገልበጥ፣ ክድን።

ሰባት ሰከንድ!

የጥበቡ ቁልፍ ግን አንድ ነው። ዓይን ወደ እጅ አይወርድም። ዓይን ጠላት ላይ፣ ሥራው የጣት። ለቡድኑ ስንት ጊዜ ሰበኩ መሰላችሁ፣ «እጁን የሚያይ ሰው የሞተ ሰው ነው!» እያልኩ። ቤት ቴሌቪዥን እያየሁ ተለማመድኩ። መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ሥር ስለማመድ አንዲት እናት «ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው? እንዲህ የሚያደርግህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ።

አሁን ወደ ቁንዶ በርበሬው።

የታሪኩ እናት ልጃቸው ምን ይዞ እንዲመጣ እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ የቴፒ ቁንዶ በርበሬ አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ለእሁድ ምሳ ተጠርቷል፣ ወጡ መከለሻ ይፈልጋል። ቴፒ አክስት አለችኝ፣ ጓሮዋ ካለው ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚያፈራ ቁንዶ በርበሬ አላት። ላከችልኝ። ደረቅ፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር።

እርጥበት እንዳያገኘው ምን ውስጥ የጨመርኩት ይመስላችኋል?

ልክ ናችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ሥራ ቦታ መድኃኒት ሳነሳ፣ ስሰጥና ስመልስ ሦስት ጊዜ ስሙን የማነብ ሰው ነኝ። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ካየሁ ባልደረቦቼ ቀኑን ሙሉ ከአፌ አይወጡም። ይኸው ሰውዬ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መንታ ብልቃጥ፣ አንዱን የጥይት አንዱን የቁንዶ በርበሬ፣ ምንም ሳይጽፍባቸው ጎን ለጎን አቁሞ ተኛ። ባለቤቴ ሂሩት «ምልክት አድርግባቸው» ብላኝ ነበር። «አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

አውቃቸዋለሁ!

ጠመንጃዬን ዓርብ ማታ ሞልቻት ስለነበር ትናንት ጠዋት አንዱን ብልቃጥ ሳልከፍተው ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን በስጦታ ወረቀት ጠቅልዬ ለታሪኩ ሰጠሁት። ሻንጣው ውስጥ አደረገው። ከጨዋታው በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ስለሚሄድ ሻንጣውን ይዞ ነበር የመጣው።

ጨዋታው ተጀመረ። አታምኑም፣ ጥሩ ተጫወትን! ከእነሱ ሦስቱ ወጡ፣ ከእኛ ሁለቱ። የቀረው የአማን ሰው ነጂብ ብቻ ነው። ነጂብ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ የቡድናቸው አለቃ ነው፣ ምላሱም ከጥይቱ አያንስም። ከእኛ ደግሞ እኔና ታሪኩ ቀረን።

ነጂብ አንድ ግንድ ኋላ አለ። እኔ የት እንዳለሁ ግን አላወቀም፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቀና ሊል ሲል እተኩሳለሁ፣ ይመለሳል። ቀና ሊል ሲል እተኩሳለሁ። ታሪኩን በእጄ ጠራሁትና «ሂድ! እኔ አለሁልህ!» አልኩት።

ሮጠ። በሕይወቱ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ጀሪካኑን አነሳ። ወደ ዋንዛችን ዞረ። ሃያ እርምጃ ቀረው።

ጥይቴ አለቀ።

አልደነገጥኩም። ለዚህች ደቂቃ ነው እኮ ስለማመድ የከረምኩት! ዓይኔን ነጂብ ላይ ተክዬ መዘዝ፣ ቀጭ፣ ገልበጥ፣ ክድን። ስድስት ሰከንድ! የራሴን ሪከርድ ሰበርኩ። አነጣጥሬ ሳብኩ።

ቅርጭጭ።

ደግሜ ሳብኩ። ቅርጭጭ። ምላጩ ላይ የሆነ ነገር እንደሚፈጭ ይሰማኛል። ፍሬው ተጣብቆ ነው ብዬ ካዝናውን ከፈትኩና፣ አሁንም ዓይኔን ከነጂብ ሳልነቅል፣ በደንብ አድርጌ እፍ አልኩበት።

የቴፒ ቁንዶ በርበሬ የሚደነቀው በመዓዛው ነው። ተፈጭቶ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሙሉው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ያስነጠስኩት ማስነጠስ የቡናውን ወፎች አስነሳ።

እስከዚህ ድረስ እንኳን መዳን ይቻል ነበር። ነጂብ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልለየውም። ጫካ ውስጥ ድምፅ ይዞራል። ትንፋሼን ይዤ ዝም ብል ታሪኩ አምስት እርምጃ ነበር የቀረው።

ነጂብ ከግንዱ ኋላ፣ ድምፁን በጣም አለስልሶ፣ «ይማርህ!» አለ።

እኔም «ያኑርህ!» አልኩ።

ጮክ ብዬ! በትክክል! ከተደበቅኩበት!

ምን ላድርግ? እንዲህ ነው ያደግነው። ሰው ይማርህ ካለህ ዝም አትልም። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ቅዳሜ ቡና ውስጥ ተደብቄ ጀሪካን እንደምጠብቅ አስባ አይደለም።

ነጩ ፍሬ ደረቴ ላይ ዘነበ። እጄን አነሳሁ። «ተመትቻለሁ» ልል ስል ሌላ ማስነጠስ መጣ።

ታሪኩስ? ታሪኩ «ያኑርህ» ስል ሰምቷል። ሳቅ ጉልበቱን ቆረጠው። ከዋንዛው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ጀሪካኑን እንዳቀፈ ቁጭ አለ፣ መነሳት አቃተው። ነጂብ ተረጋግቶ መጣና ጀርባውን አንዴ መታው።

ተሸነፍን።

ነጂብ ራሱ ውኃ አምጥቶ ፊቴን አጠበኝ። ካዝናውን አሸተተና «ወንድሜ፣ ለጦርነት ነው ለወጥ የመጣኸው?» አለኝ። ሁሉም መሬት ላይ ነበሩ፣ ከሳቅ የተረፈ የለም።

አሁን እናንተ ብልህ አንባቢዎች አንድ ጥያቄ እየጠየቃችሁ ነው። ወገቡ ላይ የነበረው ቁንዶ በርበሬ ከሆነ ጥይቱ የት ሄደ?

እኔ አልጠየቅኩም። አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር! በኋላም ጥይቱን ቤት የረሳሁት መሰለኝ፣ የታሪኩ ስጦታ ትዝም አላለኝ።

መናኸሪያ ሸኘሁት። አቅፎኝ «አይዞህ ብሩኬ፣ እኔ ሽንፈት ለምጃለሁ» አለኝ። ሚኒባሱ ሲወጣ እጁን በመስኮት እያውለበለበ ይስቅ ነበር። እኔ ግን አዘንኩ። ጨዋታ ነው አውቃለሁ፣ ግን ቃል ነበር። ቀኑን ሙሉ አፌ ምሬት ምሬት አለኝ፣ ከፊሉ ቁንዶ በርበሬው ቢሆንም።

ይኸው ዛሬ ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የታሪኩ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የእናቱ።

«የኔ ልጅ፣ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ በትሕትና። «ግን ይሄ ቁንዶ በርበሬ በምንድን ነው የሚወቀጠው?»

ያኔ በስጦታ ወረቀት የጠቀለልኩት ብልቃጥ ትዝ አለኝ።

«ዘነዘናው ሲያርፍበት ይዘላል እኮ! ሙቀጫውን በነጠላ ሸፍኜም ሞከርኩ። የቴፒ ቁንዶ በርበሬ እንዲህ ጠንክሯል እንዴ?» እያሉኝ መውቀጣቸውን አላቋረጡም። ዱም። ዱም። ከዚያ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። መውቀጡም ቆመ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ምን አደረግኩ? ማንን ገደልኩ?

ታሪኩ ስልኩን ተቀበላቸው። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አልቻልኩም።

«ብሩኬ፣ አባዬን መታችው!»

አባቱ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቁሯ ፍሬ ከሙቀጫው ተስፈንጥራ ግንባራቸው መሃል። አልተጎዱም፣ ቀላ ብሏል ብቻ። ፍሬዋን ከጭናቸው ላይ አንስተው፣ አገላብጠው አይተው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። ታሪኩም ሁሉን ነገር ዘረገፈላቸው። ጨዋታውን፣ ጀሪካኑን፣ ነጩንና ጥቁሩን፣ የእኔን «ያኑርህ»። የተመታ ሰው እጁን እንደሚያነሳም ነገራቸው።

አባቱ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«ተመትቻለሁ» አሉ።

«ሳቀ እኮ ብሩኬ» አለኝ ታሪኩ። «እማዬም ዘነዘናዋን ጥላ እያየችው ነው። አሁንም አላቆመም፣ ስማው።» ስልኩን ወደዚያ አዞረልኝ። ሳልን የቀላቀለ፣ የቆየ ሳቅ ነው የሰማሁት። ታሪኩ ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጥቁር ፍሬ የእኛ ነው አይደል? እንግዲያው አሸንፌ ነው የገባሁት፣ ቃልህን ጠብቀሃል» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዚህኛው እንባ ቁንዶ በርበሬ የለበትም።

የተረፈኝን ነገ ጠዋት በሚኒባስ እልካለሁ። ብልቃጡ ላይ በትልቁ «ቁንዶ በርበሬ፣ ለወጥ ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሂሩትም አንብባዋለች። ከፍቼም አሽትቼዋለሁ።

እሱን ማሽተት አልነበረብኝም።

ይህን እየጻፍኩላችሁ ሳለሁ አስነጠሰኝ፣ ሂሩትም ከጓዳ «ይማርህ!» አለችኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ አሁን ልመልስላት ወይስ ዝም ብዬ ልደበቅ?