ሰማይ ተሸካሚውን ያረሙት ጋሽ ከፈለኝ

በአገራችን ግድግዳ ላይ ብቻውን ሥዕል የሳለ ሰው የለም። ብሩሹን ገና ቀለም ሳያስነካ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚያርም አንድ ሰው ከመሬት ይበቅላል። ለእኔ የደረሱኝ ክቡር ጠቅላይ አራሚ ጋሽ ከፈለኝ ናቸው።

ሱሀይል ዲላ ውስጥ ጂም ሊከፍት ሲል ሄርኩለስን እንድስልለት ጠራኝ፤ በግሪኮች ተረት ለጥቂት ጊዜ ሰማይን በትከሻው የተሸከመውን ጀግና። የመጀመሪያዬ ትልቅ ግድግዳ ነበር። ሱሀይል ግን «ቅዳሜ ምርቃት ነው፤ ሰው ከሳቀበት በነጭ ቀለም አስጠፋዋለሁ» ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ጋሽ ከፈለኝ ሰኞ ጠዋት መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው መጡ። ዱካ ይዞ የመጣ ሰው ሰላም ብሎ እንደማያልፍ ይታወቃል።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የለበሰው ምንድነው?»

«የአንበሳ ቆዳ።»

«በዚህ ሙቀት? ምክር ነው፤ ካልፈለግሽ ተይው።»

ማክሰኞ ጢሙ እንዲላጭ ወሰኑ። ረቡዕ ባዶ እግሩን መቆሙ አሳሰባቸውና ቢያንስ ኮንጎ ጫማ እንዳደርግለት ለመኑኝ። ባለባጃጆቹ ሳይቀሩ ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው «ጋሼ ልክ ናቸው!» እያሉኝ ያልፋሉ።

ሐሙስ የባሰው መጣ። «ጉልበቱን ገትሮ ነው የሚሸከመው? ይሄ እንኳን ሰማይ፣ አንድ ኬሻ ቡና አያነሳም።»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው እርስዎ ይሸከሙልኝ!»

ኮታቸውን አወለቁ። የምቆምበትን ሳንቃ አንስተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ፤ ጉልበታቸውን ሰበር፣ አንገታቸውን ቀለስ አድርገው ቆሙ። «ሠላሳ ዓመት ጫኝና አውራጅ ነበርኩ» አሉኝ። እግራቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ይበቃል ጋሼ» አልኳቸው።

«ሥራሽን ሥሪ።»

ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድም ምክር አልወጣቸውም። እኔ ግን አፈርኩ። ጀግናውን ከአንገቱ እስከ ተረከዙ አጥፍቼ እንደገና ሳልኩት።

ቅዳሜ ከተማው ተሰበሰበ። ከቡና መጋዘኖቹ የመጡት ጫኝና አውራጆች ሥዕሉ ፊት ቆመው ጉልበቱን፣ ከዚያም አንገቱን አዩ። በመጨረሻ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ሥራ ያውቃል» አለ። ሱሀይልም ነጩን ቀለም መለሰው።

ጋሽ ከፈለኝ ዓይናቸውን እየጠራረጉ «ጢሙ ነው እንጂ ያላማረኝ» አሉ።

ዛሬ አዲስ ግድግዳ ጀምሬአለሁ። ረፍዷል፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ብሩሼን ይዤ መንገድ መንገዱን አያለሁ። የሚቀመጡበትን ዱካ እኔው አምጥቼ አስቀምጬአለሁ።